ድንጋዮቹን ማን ሰበሰባቸው?

ሁርሶ ያሉትን አክስቴን ልጠይቅ የሄድኩት ለአንድ ቀን ብዬ ነበር፤ ሦስት ቀን ከረምኩ። ከድሬዳዋ ተነስቶ የባቡሩን መስመር ይዞ ወደ ምዕራብ ለሚጓዝ ሰው ሁርሶ ሩቅ አይደለችም። ብዙ ሰው የሚያውቃት በወታደር ማሠልጠኛዋ ነው። እኔ ግን ሁርሶ ሲባል ቶሎ የሚታየኝ ቀትር ላይ የሚግለው ቆርቆሮ ነው፤ ቀጥሎም አክስቴ በጓሮው ዳስ ሥር ሰፌድ ይዘው የሚቀመጡባት ዝቅተኛ በርጩማ።

ያን ቀንም እዚያችው ላይ ተቀምጠው ምስር ያንገዋልላሉ። ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ ትቆጣለች።

«እማዬ፣ የተለቀመ ምስር ሱቅ ሞልቶ ለምን ትደክሚያለሽ? ዓይንሽ እንደሆነ አያይ።»

«ዓይኔ ባያይ እጄ ያያል» አሉ አክስቴ፣ ሰፌዱን ሳያቆሙ።

ነገሩ የምስር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። አክስቴን ሞራ እየጋረዳቸው ነው። ከዓመት ወዲህ እሳት አጠገብ እንዳይደርሱ ተብለዋል፤ ቡና መቁላት ቀርቷል፤ ውኃ ማንሳትም ቀርቷል። ሁሉም ለደኅንነታቸው ታስቦ የተደረገ ነው፤ ልጃቸው ክፉ አይደለችም። ግን እናት ከማለዳ እስከ ማታ እጃቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ ምን እንደሚሰማቸው የጠየቃቸው ሰው አላየሁም። የቀራቸው ሥራ ሰፌድ ነበር፤ እሱንም ልንቀማቸው ነው።

ክርክሩን ያቆመው የስምንት ዓመቱ የልጅ ልጅ ነው። ጉልበቱን አቅፎ ሰፌዱን ሲያይ ቆይቶ ድንገት፦

«እማማ፣ ድንጋዮቹን ማን ነው የሚሰበስባቸው?»

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለ?»

«አልነካሻቸውም እኮ።»

ሁላችንም ወደ ሰፌዱ አየን። እውነቱን ነው። የአክስቴ እጆች የያዙት የሰፌዱን ጠርዝ ነው፤ አንድም ጠጠር አልነኩም። እዚህም እዚያም ተበትነው የነበሩት ጠጠሮች ግን ተሰብስበዋል። እናቱ «አትጨቅጭቃት» ስትለው እኔ ደግሞ ያነበብኩ ሰው ነኝና ጣልቃ ገባሁ፤ «ከባድ ስለሆኑ ነው» አልኩት፣ በሙሉ ልብ።

ልጁ ምንም አልመለሰልኝም። ከኪሱ ሁለት ፍሬ የባቢሌ ለውዝ አወጣና አንዱን በዚህ፣ አንዱን በዚያ አድርጎ ምስሩ ላይ ጣላቸው። አክስቴ ስቀው ሰፌዱን አዞሩት። ከጥቂት ዙር በኋላ ሁለቱ ለውዞች ጎን ለጎን ነበሩ።

«ለውዝ ከባድ ነው እንዴ?» አለኝ።

«በቃ አቦ፣ ሂድ የቤት ሥራህን ሥራ» አለች እናቱ። እኔ መልስ አጥቼ ቀርቻለሁ። አውቄ እንደማመጣለት ቃል ገብቼ ነው ከሁርሶ የተመለስኩት፤ ይህ የዛሬው ጽሑፍ የዚያ ቃል ውጤት ነው።

መጀመሪያ ለራሴ ያጠራሁት ነገር ሰፌድ ላይ የሚሠራው ምክንያት አንድ ብቻ አለመሆኑን ነው። እህል ወደ ላይ እየተወረወረ ሲበጠር ገለባውን የሚወስደው ነፋስ ነው፤ ይህ ማንንም አያስገርምም። ክብደትም የራሱን ይሠራል፤ ስለዚህ ለልጁ የሰጠሁት መልስ ውሸት ሳይሆን ጎዶሎ ነበር። ሦስተኛው የመጠን ጉዳይ ነው፤ እሱን እቤታችሁ ዛሬውኑ ልታዩት ትችላላችሁ። ክዳን ያለው ግልጽ ዕቃ ውሰዱ፤ ሦስት አራት ፍሬ ለውዝ ከሥሩ አድርጉና ከላይ እስከ ግማሹ ማሽላ ሙሉበት። ክደኑና ወደ ላይ ወደ ታች በዝግታ ነቅንቁት። ለውዞቹ ከተቀበሩበት ብቅ ይላሉ። (ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን ካለ ለውዙ እጁ እንዳይገባ፤ ትንፋሽ ይዘጋል።)

ምክንያቱ ለመግለጽ አይከብድም። እህሉ ሁሉ በተነሳ ቁጥር ከለውዙ ሥር ትንሽ ክፍተት ይፈጠራል። ክፍተቱ ለማሽላ ይበቃል፣ ለለውዝ አይበቃም። ማሽላው ይገባል፤ ለውዙ ወደ ቦታው መመለሻ ያጣል። እያንዳንዱ ንቅናቄ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ያወጣዋል ማለት ነው። ፈረንጆቹ ይህን «የብራዚል ለውዝ» ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በኮምፒውተር ያጠኑት ሰዎችም በዚሁ ስም ነው የጻፉት። ድሬዳዋ ቢኖሩ ኖሮ የባቢሌ ለውዝ ባሉት ነበር። ነጋዴ ትልልቁን ከላይ፣ ብናኙን ከታች አድርጎ ሸጠልኝ እያልን ስንራገም የኖርን ሰዎችም አንዳንዴ ያደረገው ነጋዴው ሳይሆን ጆንያው የተጫነበት አይሱዙና መንገዱ ሊሆን እንደሚችል እናስብ። አንዳንዴ ነው ያልኩት።

ይህም ቢሆን የልጁን ጥያቄ አይመልስም። ለውዝ ወደ ላይ መውጣቱን ነገረን እንጂ ሁለት ለውዞች ለምን እንደሚቀራረቡ አልነገረንም። በመካከላቸው ማግኔት የለም፤ ሙጫ የለም፤ አንዱ ሌላውን አያውቀውም።

እ.ኤ.አ. በ2000 ቶም ሙሊን የሚባል የፊዚክስ ሰው ከአክስቴ ሰፌድ ጋር የሚዛመድ ሙከራ አሳተመ። ጠፍጣፋ ትሪ ላይ ሁለት ዓይነት ነገር በስሱ አነጠፈ፦ ከጤፍ ብዙም የማይበልጥ የፖፒ ዘርና ጥቃቅን የብረታ ብረት ድብልብሎች። ከዚያ ትሪውን ሳያነሳ ግራና ቀኝ ብቻ በማሽን አወዛወዘው። ተቀላቅለው የነበሩት ሁለቱ ዓይነቶች መለያየት ጀመሩ። ድብልብሎቹ መጀመሪያ በትንንሽ መንጋ ተሰበሰቡ፤ መንጋዎቹ ተያያዙ፤ መጨረሻ ላይ ትሪው እንደ ነጠላ ጥለት በመስመር በመስመር ተከፋፈለ። የሚሰበስባቸው እጅ የለም፤ ያለው መወዛወዝ ብቻ ነው።

እኔም እቤቴ በጤፍና በሽንብራ ሞክሬዋለሁ። ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ ትሪውን ወዲያና ወዲህ ማንሸራተት ነው። ሁልጊዜ አይሳካም፤ ጤፉ ከበዛ ሽንብራውን ይውጠዋል፣ ካነሰ ደግሞ ሽንብራው ዝም ብሎ ይንከባለላል። ልክ የሆነ ጊዜ ግን ሽንብራዎቹ ሁለት ሦስት እየሆኑ ሲጠጋጉ ይታያል። ልጆች ይህን ሲያዩ ዝም ይላሉ፤ እኔ የማውቃቸው ልጆች ዝም የሚሉበት ነገር ብዙ አይደለም።

ማብራሪያው እንዲህ ነው። ቀፊራ ገበያ በተጨናነቀ ቀን ሁለት ግመሎች ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። ሰዉ ከየአቅጣጫው ይተራመሳል፤ ማንም ግመሎቹን ሆን ብሎ አይገፋም፤ ሁሉም ወደ ጉዳዩ ሲያልፍ በትከሻው ይነካቸዋል። በሁለቱ ግመሎች መካከል ያለው ቦታ ሰው የማያስገባ ከሆነ የትከሻው ግፊት የሚመጣው ከውጪ ብቻ ነው። ከመካከል የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ግመሎቹ ይጠጋጋሉ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው የተፈላለጉ ይመስላል። እውነቱ ግን ያጠጋጋቸው ግርግሩ ነው።

ሰፌዱ ላይ ሕዝቡ ምስር ነው፤ ግመሎቹ ለውዞቹ ናቸው። እያንዳንዷ የምስር ፍሬ ያለ ዕቅድ ትዘላለች፣ ትመታለች፣ ትመለሳለች። አንዷን ብቻ ብትከተሏት ምንም ሥርዓት አታዩባትም። የሁሉም ምት ሲደመር ግን ከውጪ የሚመጣው ከውስጥ ከሚመጣው በልጦ ይገኛል። የፊዚክስ ሰዎች በዘፈቀደ ከሚደረግ መዋዠቅ የሚወለድ ኃይል የሚሉት የዚህ ዓይነቱን ነው። የዋጋ መዋዠቅ ስንል እንደምናውቀው ማለት ነው፤ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ፤ ግን መዋዠቁ ራሱ ሰውን ወደ አንድ ወገን ይገፋል።

እዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት በኮምፒውተር ሁለት ትልልቅ ቅንጣቶችን በሚናወጡ ትንንሾች ባሕር ውስጥ አስቀመጠ። በጣም ሲቀራረቡ ልክ እንደ ግመሎቹ ወደ አንድ ተገፉ። ራቅ ሲያደርጓቸው ግን የተገኘው ተቃራኒው ነው፦ ኃይሉ ያራርቃቸዋል። ትንንሾቹ ተነጣጥለው ብቻ አይንቀሳቀሱምና ነው፤ እንደ ማዕበል አብረው የሚያብጡበትና የሚረግቡበት ጊዜ አለ። በሁለቱ ትልልቆች መካከል የሚገኘው ማዕበል በዚያ ቦታ ልክ የሚገጥመው ብቻ ነው፤ ውጪ ግን ሁሉም ዓይነት አለ። ይህ አለመመጣጠን ነው ከሩቅ የሚገፋቸው። እንግዲህ አንድ ሰፌድ፣ አንድ ግርግር፤ በርቀቱ መጠን አንዴ ማቀራረብ፣ አንዴ ማራራቅ። የእኔን ቤተሰብ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ እንደሚስቅ አውቃለሁ።

የማዕበሉ ሐሳብ የመጣው ከሆላንዳዊው ሄንድሪክ ካሲሚር ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ካሲሚር ያሰላው ለማመን የሚያስቸግር ነገር ነበር፦ ኤሌክትሪክ ያልተሞሉ ሁለት የብረት ሰሌዳዎች ምንም በሌለበት ባዶ ቦታ ውስጥ በጣም ተጠጋግተው ቢቆሙ ይሳሳባሉ። ባዶው ቦታ ራሱ ፍጹም ጸጥ ያለ አይደለም፤ ሁልጊዜ ይዋዥቃል፤ በሰሌዳዎቹ መካከል የሚያድሩት ማዕበሎችም ከውጪዎቹ ያንሳሉ። ኃይሉ እጅግ ትንሽ ስለሆነ በአጥጋቢ ሁኔታ ለመለካት እስከ 1997 መጠበቅ ግድ ሆነ፤ ለካው ስቲቭ ላሞሮ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ከምስር ወደ ባዶ ቦታ ትልቅ ዝላይ ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱም ጋ ያለው ጥያቄ የልጁ ጥያቄ ነው፦ ማንም ሳይነካቸው ማን አቀራረባቸው?

አሁን ወደ አክስቴ መልስ ልመለስ። «እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለ?» ብለው ነበር። መጀመሪያ የአያት ቀልድ መስሎኝ አልፌው ነበር። ብዙ ካነበብኩ በኋላ ግን ከእኔ መልስ የእሳቸው ይበልጥ ለእውነት የቀረበ ሆኖ አገኘሁት።

እንስራ ውስጥ ያደረ ውኃ ማንም ሳይነካው ይንቀሳቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1827 ሮበርት ብራውን የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ ከአበባ ብናኝ የወጡ ደቃቅ ቅንጣቶች ውኃ ውስጥ ያለ ዕረፍት ሲንቀጠቀጡ በማይክሮስኮፕ አየ። ሕይወት ያላቸው እንዳይሆኑ ብሎ ሕይወት የሌለውን ድንጋይ ፈጭቶ ቢያይም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 አልበርት አንስታይን ምክንያቱን በሒሳብ አስረዳ፦ የማይታዩት የውኃ ሞለኪውሎች በሙቀታቸው ምክንያት ያለማቋረጥ ስለሚመቷቸው ነው። ይህ ንቅናቄ ቀስቃሽ አይፈልግም። ውኃው ከአካባቢው ጋር እኩል ሞቆ፣ ሚዛኑን ጠብቆ ተቀምጦም ውስጡ አያርፍም።

ምስር እንዲህ አይደለም። ለሞለኪውል ምት አንድ የምስር ፍሬ ተራራ ናት፤ አትነቃነቅም። በዚያ ላይ ምስር ከምስር በተጋጨ ቁጥር ጥቂት ጉልበት ይባክናል። ያ ሽው የሚለው የሰፌድ ድምፅ የሚባክነው ጉልበት አንዱ ክፍል ነው፤ ሌላው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ አንድ ሰው ያለማቋረጥ ጉልበት ካልጨመረበት ሰፌዱ ላይ ያለው ዓለም በቅጽበት ይሞታል። እጁ ሲቆም ግርግሩ ይቆማል፤ ግርግሩ ሲቆም የሚያቀራርበውም የሚያራርቀውም ኃይል ይጠፋል። ጉልበት እየገባለት፣ ጉልበት እያባከነ፣ ሚዛን ሳይዝ የሚኖር ነገር ማለት ይህ ነው። አክስቴ ድንጋዮቹን አልነኩም፤ ኃይሉን የሚመግቡት ግን እሳቸው ናቸው። «እኔ ነኛ» ማለታቸው ትክክል ነው።

ሚዛን ያልያዙ ነገሮች የራሳቸው ጠባይ እንዳላቸው ለማየት ከሰፌድ ውጪም መሄድ ይቻላል። ከአንድ ወገን የሚሞቅ፣ ከሌላው ወገን የሚቀዘቅዝ ፈሳሽ አስቡ። ሁለቱም ጎን እኩል ሲሞቅ መዋዠቁ በየሰፈሩ ይቀራል፤ እዚህ የሆነውን እዚያ አይሰማም። ሙቀቱ ሲለያይ ግን መዋዠቁ ከዳር እስከ ዳር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 ኪርክፓትሪክ፣ ኦርቲዝ ዴ ዛራቴና ሴንገርስ የሚባሉ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ ፈሳሽ የሚያሳድረውን ግፊት አስልተው፣ ሙቀቱ እኩል ከሆነው ፈሳሽ እጅግ የበለጠ መሆኑን አሳይተዋል። ሁርሶ ቀትር ላይ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ግሎ ከሥሩ ያለው ጋን ቀዝቅዞ ሲገኝ እነዚህን ሰዎች ሳላስብ አላልፍም።

በዚህ መስክ የሠራ ኢትዮጵያዊ አለ ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁ፤ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ለዓመታት የታሰሩ፣ ከእስር ወጥተው ወደ ፊዚክስ የተመለሱ፣ የዶክትሬት ትምህርታቸውን በባንጋሎሩ የሕንድ የሳይንስ ተቋም የተማሩ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር ለሰብአዊ መብት የሚሰጠውን የአንድሬ ሳካሮቭ ሽልማት ከሃርቫርዱ ሪቻርድ ዊልሰን ጋር ተቀብለዋል። እኔን ግን ለዛሬ የሳበኝ ሽልማቱ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ2004 ከመስፍን አስፋው ጋር ያሳተሙት ጥናት ነው። ጥያቄው ይህ ነበር፦ ያ ብራውን ያየው፣ አቅጣጫ የሌለው መንቀጥቀጥ ሥራ ሊሠራ ይችላል?

እንደ መጋዝ ጥርስ ያለ መንገድ አስቡ፤ በአንድ በኩል ዳገቱ ቀጥ ያለ፣ በሌላ በኩል ለስለስ ያለ። አንድ ደቃቅ ቅንጣት እዚያ ላይ ይንቀጠቀጣል። መንገዱ ሁሉ እኩል ከሞቀ ቅንጣቱ ወዲያ ወዲህ ሲል ይኖራል እንጂ የትም አይደርስም፤ ጥርሱ የቱንም ያህል ቢሾል ለውጥ የለውም። ከየጥርሱ አንዱ ጎን ሞቆ ሌላው ከቀዘቀዘ ግን መንቀጥቀጡ ራሱ ቅንጣቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ይነዳዋል፤ ሸክም እንኳ ሊያስጎትተው ይችላል። እነ ሙሉጌታ ይህች እጅግ ደቃቅ ሞተር ምን ያህል ፈጥና፣ ምን ያህል ሳታባክን ልትሠራ እንደምትችል በሒሳብ መርምረዋል። ግርግሩ ብቻውን አይበቃም፤ ሚዛኑን የሚያዛባለት ነገር ያስፈልገዋል። እነሱ ጋ ሙቀት ነው፤ ሁርሶ ላይ የአክስቴ ክንድ ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ ባለፈው እሑድ ሁርሶ ደወልኩ። ስልኩን ልጁ አነሳው። የግመሎቹን ነገር ነገርኩት፤ ወዲያው ገባው። ከዚያ ደግሞ፦

«እሺ፣ እማማ ለምንድን ነው ግራና ቀኝ ሳይሆን የምታዞረው?»

ለካ ልጅ አንዱን ሲመልሱለት ሌላውን ይዞ ይጠብቃል። ደግነቱ ለዚህ ተዘጋጅቼ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ጀርመን፣ ባይሮይት የሚገኙ ተመራማሪዎች ልክ እንደ ማንገዋለል አድርገው ሰሐን ሲያዞሩ፣ ትልልቆቹ ወደ መሀል የሚሰበሰቡበትን ሁኔታ አጥንተዋል። ያገኙት ነገር ስለሳበኝ ከመናገሬ በፊት አክስቴን ልፈትናቸው ፈለግሁ። ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው አስቀመጡት።

«አክስቴ፣ ምስሩን ሰፌዱ ላይ ምን ያህል ነው የሚያደርጉት?»

«ልክ ነዋ።»

«ልኩ ምን ያህል ነው?»

ትንሽ አሰቡ። «ሳሳ ካለ ድንጋዩ ዝም ብሎ ይንከራተታል፣ አይሰበሰብም። ጠጋ ጠጋ ማለት አለበት። ከበዛ ደግሞ አይዞርልህም።»

የባይሮይቶቹ ውጤት ይኸው ነው። ፍሬዎቹ ከሳሱ ትልልቆቹ አይለዩም፤ የሚለዩት መጨናነቁ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ነው። ይህን ስናገር ከስልኩ ወዲያ ማዶ ጸጥታ ሆነ። መጀመሪያ የተናገረችው ልጃቸው ናት።

«እማዬ፣ ይህን መቼ ነው ያወቅሽው?»

«አንቺን አዝዬ ሳንገዋልል» አሉ።

ሱቅ ስለሚገዛው ምስር ከዚያ በኋላ ያነሳ አልነበረም። ለወላጆች የምለው ነገር ቢኖር አንድ ተግባራዊ ነገር ነው። ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲያነሳና መልሱን ሳታውቁ ስትቀሩ፣ እንደ እኔ «ከባድ ስለሆነ ነው» ብላችሁ አትዝጉት፤ ሁለት ፍሬ ለውዝ ይስጡትና ይሞክረው። እቤት አያት ካሉ ደግሞ መጀመሪያ እሳቸው ይጠየቁ። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚስተካከል ነገር ነው፤ ለአክስቴም ቀጠሮ እየተፈለገላቸው ነው። እስከዚያው ግን ሰፌዱ በእጃቸው ይቆያል፤ ለቀማውን የሚጨርሰው ልጁ ነው፤ የተሰበሰቡትን ጠጠሮች ቆጥሮ ደብተሩ ላይ ይጽፋል።

ስልኩን ልዘጋ ስል ልጁ አንድ የመጨረሻ ነገር ጠየቃቸው፦ ዓይናቸው ሳያይ ድንጋዩ መሰብሰቡን በምን ያውቃሉ? አክስቴ አልመለሱለትም። ሰፌዱ ሲዞር በስልኩ ይሰማኝ ነበር፤ ሽው፣ ሽው። ልጁ ደግሞ መጠየቅ ሲጀምር፦

«አቦ ዝም በል፣ ድምፁን ልስማበት!»